የሸምሱ ጣት

ሸምሱ ከተቀበረ በኋላ ነው የሰማሁት። ለልጅ ልጄ ክርስትና ጎሬ ወጥቼ ስመለስ፣ የሚኒባሱ ሾፌር ዕቃዬን እያወረደልኝ፣ «ጋሽ ሸምሱን ቀበርናቸው እኮ፤ እማማ አልሰሙም?» አለኝ። እንዲህ ያለ መርዶ በመኪና በር ላይ ይነገራል? ሙስሊም ሬሳ እንደማያቆይ አውቃለሁ። ሴት መቃብራቸው ድረስ እንደማትሄድም አውቃለሁ። ቢሆንም ከአጥሩ ውጭ እቆም ነበር፤ ያን ማንም አይከለክለኝም። መቱ ውስጥ የእኔን ስልክ የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ አንዱ እንኳ ልደውልላት አላለም። ሾፌሩን ተቆጣሁት። እሱ ምን አጠፋ? ግን ሌላ የምቆጣው ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ለማያውቁት ልንገር። ሸምሱ በወጣትነቱ ከስልጤ አገር መጥቶ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ሚስማር፣ የላስቲክ ጫማ፣ የባትሪ ድንጋይ፤ ሱቁ ውስጥ ያልነበረ ነገር አልነበረም። ኦሮምኛውን፣ አማርኛውንና ስልጥኛውን አንድ ላይ ቀላቅሎ ሲያወራ ደንበኛው ሁሉ ከወሬው የራሱን ያነሳል። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ አንተ እለው ነበር። እሱ ግን አንድም ቀን ከ«እትዬ» ዝቅ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ስኳር መዝኖ ሰጠኝና ከላዩ ምራቂ ጣል አደረገልኝ። ከኋላዬ ለቆመችው ሴት ግን በእፍኙ ሙሉ ዘገነላት። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያልፈኝም።

«ምነው? የእኔ ፌስታል ቀዳዳ ነው?» አልኩት።

«ኧረ እትዬ፤ ሚዛኑ ለሁለታችሁም እኩል ነው የሰጠው። አይተውታል።»

«ምራቂውስ?»

«ምራቂ የሚዛን አይደለም፣ የእጅ ነው። ሚዛን ዓይን የለውም። ማን ቤት ስንት አፍ እንደሚጠብቅ አያይም። እኔ አያለሁ።»

«እንግዲያው ዓይንህን ታከም፤ የእኔም ቤት አፍ አለ!»

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሸምሱም ጆሮውን እያሻሸ ሳቀና ጨመረልኝ። ሲያፍርም ሲደሰትም ጆሮውን ማሻሸት ልማዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሱቅ ሄጄ አላውቅም። ክርክሬንም አልተውኩም። ለአንዱ እፍኝ ለአንዱ ጣል ትክክል አይደለም እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ትክክሉ ይኸው ነው ይለኛል፤ እንዲህ እየተጣላን ዘመድ ሆንን።

ሚስቱ ራህማ የያዮ ልጅ ነበረች፤ ጫካ ውስጥ ቡና እየለቀመች ያደገች። ልጅ አልሰጣቸውም። ሳቋ ከሱቁ ጓዳ ተነስቶ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ያስቆም ነበር። በኋላ ሳል ያዛት። ሳሉ ክረምት በገባ ቁጥር እየባሰ መጣና፣ ኮሮና ካለፈ ወዲህ በአንዱ ክረምት ሳቋ ጭራሽ ጠፋ። በዚያው ክረምት የእኔ ታናሽ እህት ዘነበች ሳንባዋን ታመመች። ሆስፒታሉን በስም አልጠራውም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተኙ፤ እኔና ሸምሱም በሁለቱ አልጋዎች መካከል ባለችው አግዳሚ ላይ ጎረቤት ሆንን።

እኛ ዘንድ «ኦክስጅን የተሰካለት ሰው አይመለስም» ይባላል። ለዘነበች ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ ሲያደርጉላት፣ ሊጠይቋት የመጡት ዘመዶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እዚያው ለቅሶ ጀመሩ። ሸምሱ ተነሳና፣ «ሰዎች፣ ይሄ እኮ አየር ነው! አሁን እናንተ የምትስቡት! ማልቀስ ካማራችሁ ውጭ አልቅሱ፤ የእሷን አትጨርሱባት» አላቸው። ዘነበች ከነቱቦዋ ሳቀች። ራህማ ደግሞ መሳቅ ስላቃታት ዓይኗን ብቻ ጨፍና ከፈተች።

የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሌሊሴ ትባላለች፤ ቁጥብ፣ ቀጭን ልጅ። ኦክስጅኑን የምትመጥነው በእጇ ነበር። ትመጣለች፣ የበሽተኛዋን ከንፈር ታያለች፣ ትንሿን መለኪያ በበሽተኛዋ ጣት ላይ ታደርግና ቁጥሩን ታነባለች፣ የሲሊንደሩን መክፈቻ በጥቂቱ ታዞራለች፣ ወደ ሌላው አልጋ ታልፋለች። ቆይታ ትመለስና ደግሞ ትቀንሳለች። መቀነሷ አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

«ሰው ትንፋሽ አጥሮት ስስት አለ? ለምን ጨርሰሽ አትከፍችውም?» አልኳት።

«እትዬ፣ ኦክስጅን እንደ ጨው ነው። ሲያንስም ይጎዳል፣ ሲበዛም ይጎዳል።»

«ታዲያ ልኩን በምን ታውቂያለሽ?»

«እየተመላለስኩ ነዋ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያቺ ልጅ ስትቀመጥ አላየኋትም። የነበረችው ግን አንድ ናት፤ አልጋው ብዙ ነው።

አንድ ቀን ማሽን መጣ። እርዳታ ነው ተባለ። ኃላፊዎች መጡ፣ ንግግር ተደረገ፣ ከማሽኑ ጋር ፎቶ ተነሱ። ማሽኑ በሲሊንደሩና በበሽተኛው መካከል ይቀመጣል። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ ነገር በሽቦ ተያይዞ ጣት ላይ ይደረጋል። በዚያ በኩል ደም ውስጥ ያለውን አየር ያነባል፤ ሲያንስ ራሱ ይጨምራል፣ ሲበቃ ራሱ ይቀንሳል። «ነርስ አጠገቡ ባትኖርም ይሠራል» አሉ ደስ ብሏቸው። ሌሊሴን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች።

ማሽኑ አንድ፣ የከፋባቸው ሴቶች ሁለት። ለራህማ ተሰጠ። ለምን ቢባል፣ በእሷ ራስጌ ያለው ሶኬት ስለሚሠራ። በዘነበች በኩል ያለው ከተቃጠለ ቆይቷል።

«በሶኬት ነው እንዴ ሰው የሚመረጠው?» ብዬ ጮህኩ። ዶክተሩ አልሰማሁም ብሎ ወጣ። ሸምሱ ጆሮውን እያሻሸ ተነሳ።

«እትዬ እውነታቸውን ነው። ሲስተር፣ አልጋ እንለዋወጥ። በየተራ ይሁን፤ ዛሬ ለራህማ፣ ነገ ለዘነበች።»

«ወፍጮ ቤት አደረጋችሁት እንዴ ጋሼ?» አለች ሌሊሴ። «ትንፋሽ ያጠረው ሰው ከአልጋ አልጋ አላንገላታም። ዘነበችን እኔ በእጄ አያታለሁ።»

«እጅሽ ቢዝልስ?» አልኳት።

«ማል ጎና?» አለች በኦሮምኛ። ምን እናድርግ ማለቷ ነው።

በማግስቱ ሸምሱ ለራህማ ያመጣውን አጥሚት ግማሹን ለዘነበች ቀዳላት። «ድርሻዎን የወሰድኩብዎ መስሎኝ ምግብ አልወርድልኝ አለ፣ እትዬ» አለኝ። እኔም አኩርፌ ስለነበር፣ «ወስደሃል እንጂ!» አልኩት። ከዚያ ግን አጥሚቱን አብረን አጠጣናቸው።

ነገሩ የሆነው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሌሊሴ ፈጠን ፈጠን እያለች ከክፍሉ ወጣች፤ ወዴት እንደምትሄድ አልነገረችንም። የራህማ ጣቶች በሽታው ጨርሷቸው፣ ቅዝቃዜውም ተጨምሮ፣ መቆንጠጫው አልይዝ አለ። ስታስል ይወልቃል፤ ሲወልቅ ማሽኑ ይጮኻል። ሸምሱ ይመልሰዋል። ደግሞ ታስላለች፤ ደግሞ ይወልቃል፤ ደግሞ ይጮኻል። ጩኸቱ እንደ ሲረን ነው። በጮኸ ቁጥር ራህማ ትደነግጣለች፣ ስትደነግጥ ትንፋሿ ይብሳል።

«ኧረ በፈጣሪ፣ ይሄን ነገር ዝም አስብሉልን!» አለች ማዶ ያለች አስታማሚ። «እናቴ ልትሞትብኝ ነው በድንጋጤ!»

«ነርሷን ጥሯት!»

«የለችም። ፈለግናት እኮ።»

ሸምሱ ሰው ከማስቸገር ሞት የሚሻለው ሰው ነው። «ይቅርታ እህቶቼ፣ ይቅርታ» ይላል ወዲያ ወዲህ እየዞረ። መቆንጠጫውን አየው። የራህማን ጣት አየ። ከዚያ የራሱን ጠቋሚ ጣት አየና አደረገበት።

ማሽኑ ዝም አለ። ቀይ የነበረው ቁጥር አረንጓዴ ሆነ።

«ገላገሉን፣ አባቴ!» አለች ያቺ ሴት።

ሸምሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጣቱን ለማሽኑ ሰጥቶ በሌላው እጁ የራህማን እጅ ያዘ። «አየሽ ራህማዬ? ከእኔ ይውሰድልሽ። የእኔ ለሁለታችን ይበቃል» አላት። ማሽኑ የሸምሱን ጤነኛ ደም እያነበበ፣ ይህ ሰው በቂ አየር አለው ብሎ፣ የራህማን ኦክስጅን ይቀንስ ጀመር። ቀነሰ፤ ደግሞ ቀነሰ። ይህን በዚያ ክፍል የሚያውቅ አልነበረም። «አትንኩ» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ በእንግሊዝኛ። ራህማ ዝም ስትል እንቅልፍ ወሰዳት አልን። እሱም እንዳትነቃበት ብሎ ከተቀመጠበት አልተንቀሳቀሰም።

ሌሊሴ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። መጀመሪያ ማሽኑን፣ ከዚያ ጣቱን፣ ከዚያ የራህማን ከንፈር አየች። ጮኸች። ሽቦውን መነጨቀችው፣ ማሽኑን ነቅላ ሲሊንደሩን በእጇ ከፈተችው፣ የራህማን ደረት ትጫን ጀመር። ሸምሱ፣ «ምን አጠፋሁ? ሲስተር፣ ምን አጠፋሁ?» ይላል። የቀረውን አልጽፈውም። ራህማ አልተነሳችም።

ለሸምሱ «ሳንባዋ ደክሞ ነበር» ተባለ። እሱም አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደ ብሎ ቀበራት። እኔ ግን ሌሊሴን ኮሪደር ላይ ይዤ ጠየቅኋት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ «ማሽኑ የሚያምነው ጣት ነው፤ የማን ጣት እንደሆነ አይጠይቅም» አለችኝ። ነገሩን ያኔ ተረዳሁት። «ለጋሽ ሸምሱ እንዳይነግሯቸው» ብላ ለመነችኝ። እሺ አልኳት።

ብዙ ሳይቆይ ሌሊሴ ልትከሰስ ነው ተባለ፤ በሽተኛ ጥላ ወጥታለች ተብሎ። ይህን የሰማ ቀን ሸምሱ ቤቴ መጣ። አልቀመጥም አለ።

«እትዬ፣ እርስዎ አይዋሹም። ራህማን የገደላት ምንድን ነው?»

«በሽታዋ ነዋ።»

«እንግዲያው ልጅቷን ለምን ይከሷታል? ስትገባ ጣቴን ነው ያየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ጣት እንቅልፍ የለኝም።»

የሌሊሴን አደራ አሰብኩ። ሌሊሴንም አሰብኩ፤ ባላጠፋችው እንጀራዋን ልታጣ ነው። ነገርኩት። መሐል ላይ ሳያቋርጠኝ ሰማ። ጆሮውን አላሻሸም። «አላህ ይስጥልኝ» ብሎኝ ወጣ፤ ለዚያ ነገር ምስጋና ይገባዋል?

የሌሊሴ ጉዳይ በሆስፒታሉ ስብሰባ በታየበት ቀን እኔ ከበሩ ውጭ ተቀምጬ ነበር። ሸምሱ ማንም ሳይጠራው ገባ። ድምፁ ወደ ውጭ ይሰማል። «ልጅቷን ተዉአት። ጣቱ የእኔ ነው» አላቸው። እኔ ብዙ ሽማግሌ፣ ብዙ ሸንጎ አይቻለሁ። ሳይከሰስ ሄዶ ራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ግን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ምን ተገኘ? «አስታማሚው ያለ ፈቃድ መሣሪያ በመንካቱ» ተብሎ ጉዳዩ ተዘጋ። ለእነሱ ተመቻቸው። ሌሊሴን ግን አልማሯትም፤ ሶር አካባቢ ወዳለ ጤና ኬላ ተዛወረች። ማሽኑንም «ሕዝቡ አያውቅበትም» ብለው ግምጃ ቤት ቆለፉበት። ያ ክፍል ማሽኑንም እጁንም በአንድ ጊዜ አጣ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ፣ «ለዚያ ሁሉ አልጋ አንዲት ነርስ ያደረገ ማነው? እሱስ የማይጻፈው ለምንድን ነው?» አልኩት። «እናቴ፣ ዕድሜዎን አከብራለሁ» አለኝ። ይህ ማለት ውጪልኝ ማለት ነው።

ዘነበች ተሽሏት ወጣች። ሸምሱ ወደ ሱቁ ተመለሰ፤ ግን ሌላ ሰው ሆኖ። ስኳር ሲመዝን ልክ ሚዛኑ ሲቆም እጁን ይሰበስባል።

«ምራቂውስ?» አልኩት፣ እንደ ድሮው ይጣላኝ ብዬ።

«ሚዛኑ የሰጠዎትን ይውሰዱ እትዬ። እጄን አላምነውም።»

ያን ጊዜ ነው ያስለቀሰኝ። በየሳምንቱ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ይቆማል። አጥሚት ይዞ የሚገባውን አስታማሚ ሁሉ አስቁሞ፣ «ማሽን ካለ ጣታችሁን አትስጡት። የእኔ ጣት ሚስቴን ገድሏል» ይላል። አንዳንዱ ይሰማዋል፤ አብዛኛው ይሸሸዋል። ዘበኞቹ ያባርሩታል። «ባለ ጣቱ» የሚል ስም ወጣለት።

«ማሽኑ እኮ ተቆልፎበታል፤ ለማን ነው የምትናገረው?» አልኩት።

«አንድ ቀን ይከፈት ይሆናላ።»

«ስማ፣ ፍርዱን ብቻህን አትሸከም። ነርስ ያላበዛው አለ፣ ያላስተማረን አለ፣ በማናነበው ቋንቋ የለጠፈው አለ። አካፍል!»

«ባካፍል ማን ይቀበለኛል፣ እትዬ?» አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ኖረ። ባለፈው ወር፣ እኔ ጎሬ ሳለሁ፣ ደረቱን ታመመ። ጎረቤቶቹ ሆስፒታል እንውሰድህ ቢሉት አሻፈረኝ ብሎ አልጋው ላይ ሞተ።

ከጎሬ እንደተመለስኩ ዕቃዬን አስቀምጬ ለቅሶ ቤቱ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሌሊሴን አገኘኋት፤ ከሶር መጥታለች። ጠቁራለች፣ ጫማዋ ጭቃ ነው። ጎኗ ተቀመጥኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «ያን ቀን ጣቱን ባይሰጥ ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

«አይመስለኝም» አለች።

«እንዴት?»

«ሲሊንደሮቹ እያለቁ ነበር፤ የራህማም የዘነበችም። ኦክስጅን የሚያመጣው መኪና በደሌ ላይ ጭቃ ይዞት ቀርቶ ነበር። ከክፍሉ የወጣሁት ሌሎቹ ክፍሎች ጋ ልለምን ነበር። የትም የለም። ካለቀ በኋላ ማሽኑስ ምን ይሰጣል? እጄስ?»

«ይህን ለስብሰባው አልተናገርሽም?»

«ተናገርኩ። አቅርቦት ሌላ ጉዳይ ነው አሉኝ።»

«ታዲያ ዘነበች እንዴት ተረፈች?» አልኩ። ጥያቄው ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ፈለግሁ።

ሌሊሴ እጇን አየች። «ከራህማ ሲሊንደር የተረፈውን ቀጠልኩላት» አለች። «ሁለቱ ሲሊንደር ተደምሮ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነበር። መኪናው እስኪመጣ አደረሳት።»

ድንኳኑ ውስጥ ቁርዓን ይቀራል። እኔ አልሰማም።

«ሸምሱ ያውቃል?»

«ሶር ድረስ መጥተው ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ቢያውቁ የሚቀላቸው መስሎኝ ነበር። ሊሄዱ ተነሱ። ከዚያ፣ ‹ለእትዬ ደብሪቱ እንዳትነግሪያቸው። እሳቸው እኩል ያልሆነ ነገር ይዘው መኖር አይችሉም› አሉኝ።»

ከሶር ከተመለሰ በኋላም እኮ ሆስፒታሉ በር ላይ መቆሙን አልተወም። ጣቴ ገደላት ማለቱን አልተወም። እኔም ሱቁ እየሄድኩ አካፍል እያልኩ እጨቀጭቀው ነበር። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝም፣ «የዘነበች ትንፋሽ እንዴት ነው?» ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ «ደህና ናት፤ አንተ ስለራስህ አስብ» እለዋለሁ።

ተናደድኩበት። ሞቶም ተናደድኩበት። ማን ምረጥልኝ ብሎት? ማን ዳኛ አደረገው? ብነሳና ልጣላው ብል የለም።

ቤት ስገባ ዘነበች በረንዳ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች።

«ለቅሶው እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ሰው ሞልቶታል።»

«ምስኪን። ያችን ሚስቱን በገዛ እጁ...» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከተማው ሁሉ የሚለውን ነው ያለችው። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ሐቅ ይዤ አፌ ውስጥ አሳድሬ አላውቅም። ደረቷን አየሁት፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ቀስ ብሎ፣ በሰላም።

«ምነው? ፊትሽ ልክ አይደለም» አለችኝ።

«መንገዱ ነው» አልኳት።

እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ እህቴ ግን አልቆጠረችም። ይህን ያነበባችሁ፣ ወደ መቱ የምትመጡ ከሆነ፣ እባካችሁ አታንብቡላት።